የእማማ ሄራን መላሽ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ እማማ ሄራን ቤት ጠዋት የሚጀምረው በጥያቄ ነው።

«ደህና አደሩ እማማ ሄራን። ቤቱን ላሙቅልዎ?» ይላል ከግድግዳው ውስጥ አንድ ድምፅ።

«ኧረ ተወው የኔ ልጅ፣ አትቸገር።»

«እሺ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ይሄዳል። ቀጥሎ የቁርሱ ይመጣል፤ ቅንጬ ልሥራልዎ ይላል። አሁን ምኑን ርቦኝ ትለዋለች። እሱም መልካም ቀን ብሎ ይሄዳል። ውሃ የሚያሞቀው፣ ወገብ የሚያሸው፣ ከሰዓት መጥቶ ወሬ የሚያወራው፣ ሁሉም ተራ በተራ ይጠይቃሉ፣ ሁሉም አትቸገሩ ይባላሉ፣ ሁሉም እሺ ብለው ይሄዳሉ። እማማ ሄራን ጋቢዋን አጥፋ ትደርባለች። ከዚያ ድምፁ የመጣበትን ግድግዳ ትንሽ ታየዋለች።

ያን አስተያየት ያየሁት እኔ ነኝ። አስካለ እባላለሁ፤ የልጇ የከፈለኝ ሚስት ነኝ፣ የድሬዳዋ ልጅ። የባሌ እናት ስሟ ሄራን መሆኑ አይግረማችሁ። የእሷ እኩዮች ሁሉ ሄራን፣ ሶልያና፣ ናታን ናቸው፤ እኛ ነን ተመልሰን አስካለና ከፈለኝ የተባልነው። ልጅ ሆኜ ሶልያና የሚል ስም ስሰማ ከዘራ የያዘች አሮጊት ነበር የምትታየኝ።

ስለ ጠያቂዎቹ ትንሽ ማለት አለብኝ፣ እንጀራዬም እነሱ ናቸው። ሰዉ ብቅጥልቅ ይላቸዋል፤ ጥሩ ስም ነው። የራሳቸው ቤት የላቸውም፣ የራሳቸው ማሽን የላቸውም፤ ደመና ላይ ናቸው ይባላል እንጂ ካልተጠሩ እዚያም የሉም። ሲጠሩ ይነሣሉ፣ አንዲት ሥራ ይሠራሉ፣ ይጠፋሉ። ቤት የሚያሞቀው ቁርስ አይሠራም። ትናንት ያሞቀው ዛሬ የሚያሞቀውን አያውቀውም።

የሚጠራቸው ጠሪ ነው። ጠሪ በየቤቱ የተቀመጠ ትንሽ ኮድ ነው፤ የእያንዳንዱን ብቅጥልቅ ስም ያውቃል፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ አሙቂውን ይጠራል፣ ምን እንደሚፈለግ ይነግረዋል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። የተጠራውም የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ምንም ነገር አይነካም፤ ሕግ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ጠሪ የምንጽፍና የምንጠግን ሰዎች አለን፣ አንዷ እኔ ነኝ። ሰዉ ስለ ብቅጥልቆቹ ቀኑን ሙሉ ያወራል። ጠሪውን ግን የሚያነሣው የለም፣ እኛም ለምደነዋል።

ደብረ ብርሃን የሄድኩት በኅዳር ነው፣ ውርጩ ሣሩን በሚያደርቅበት ወር። የሐኪሙ ብቅጥልቅ የእማማ ሄራንን ሳል በሩቁ ሰምቶ ሳንባዋን ብርድ ገብቶታል ብሎ ነበር። ለልጇም ላከበት፤ እናትህ የሚቀርብላትን ሁሉ እምቢ ትላለች፣ እንዲህ የምትኖር ሴት ብቻዋን ባትሆን ይመረጣል አለው። ከፈለኝ ሞያሌ የባቡር መስመር ሥራ ላይ ስለነበር ለኔ ደወለ።

«ሂጂና አስታሚያት፣ እሁድ በባቡር ይዘሻት ነይ። እኛ ጋር ትኑር። ድሬ ይሞቃታል» አለኝ።

«እሷስ ምን አለች?»

«እምቢ አለች። እምቢማ ትላለች! እማዬ መች ባንዴ እሺ ብላ ታውቃለች?»

እኔም ብትመጣልኝ ደስታዬ ነው፣ አልዋሽም። ይህቺን ሴት እወዳታለሁ። መጀመሪያ ሙሽራ ሆኜ ቤቷ ስገባ ክትፎ አቅርባ «ብዪ የኔ ልጅ» አለችኝ፣ እኔም እሺ ብዬ በላሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አክስቶች ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለካ መጀመሪያ ጠግቤያለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ቀጥሎ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት፤ ከዚያ እነሱ ሲገዘቱ፣ ቆመው ሲለምኑ፣ እኔ ደግሞ ስሽኮረመም፣ ክትፎው ሲቀዘቅዝ። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ብላ ከተባልክ ትበላለህ፣ ካልራበህ አልራበኝም ትላለህ፣ አለቀ። እማዬ ግን ማምሻውን ጓዳ ጠርታኝ ጆሮዬ ላይ «እንዳንቺ የተመቸኝ እንግዳ የለም፣ ጉሮሮዬ ሳይደርቅ በላሽልኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እላታለሁ፤ አንቱ ስላት ትቆጣለች።

ቤቷ ስደርስ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይበርድ ነበር። አገላብጣ ሳመችኝ፣ ከሳሏ ጋር እየታገለች። ከዚያ እጄን ስትይዘው መቀዝቀዜን አየችና ወደ ግድግዳው ዞራ ጮኸች።

«ኧረ ልጄን ብርድ ፈጃት! ኧረ አሙቁልኝ!»

ወዲያው ቤቱ መሞቅ ጀመረ። ቅንጬም በቅቤ አዘዘችልኝ፣ ባንዴ ተቀብዬ በላሁላት፣ ሳቀች። ያን ቀን ሁለታችንም ሞቆን አደርን።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ገና ከአልጋ ሳልወጣ ነው ያንን ሁሉ ጥያቄና አትቸገር የሰማሁት። ወጥቼ ሳያት ሁለት ጋቢ ለብሳ፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ በርዶሻል?»

«በጣም እንጂ።»

«ታዲያ ለምን እምቢ አልሽው?»

«ማንን?»

«አሙቂውን! አሁን ላሙቅ ሲልሽ ተወው አላልሽውም?»

«አልኩት» አለች፣ ምን እንደምጠይቃት ስላልገባት እያየችኝ። «ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ።»

ተቀመጥኩ። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ግድግዳው እንዳይሰማት ይመስለኛል።

«ድሮ እንዲህ አልነበሩም አስኩ። ላሙቅ ይሉኛል፣ ተዉ እላለሁ። ኧረ በሞቴ ይሉኛል። አይ ልጆቼ አትልፉ እላለሁ። አፈር ስሆን ይሉኛል። ይሄኔማ ምን ይደረጋል፣ እሺ እላቸዋለሁ። ደስ ይል ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን አንዴ ይጠይቁኛል፣ እሺ ብለው ይሄዳሉ። ምን እንዳደረግኳቸው አላውቅም። ተቀይመውኛል።» ትንሽ ሳለች። «ወይም ሰልችቻቸዋለሁ። ሰው ሲያረጅ ይሰለቻል።»

ማንም አልተቀየማትም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የተለወጠው ጠሪው ነው። ስምንተኛው የጠሪ እትም ወጥቷል።

ሰባተኛው ጠሪ ውስጥ በሞቴ የምትባል ቁራጭ ኮድ ነበረች። ማን እንደጻፋት አላውቅም፣ ከኔ በፊት ነው፤ ግን ከጠባሴ ወይ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው መሆን አለበት። ባለቤቱ አይ ሲል ጠሪው እንደገና ይጠራል፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ልመናው ይጠነክራል። መጀመሪያ እባክዎ፣ ቀጥሎ በሞቴ፣ በመጨረሻ አፈር ስሆን። እኛ ቢሮ ውስጥ እንስቅባት ነበር፤ ሕይወት የሌለው ነገር በሞቱ ይገዘታል ወይ እያልን። ከዚያ ነጋዴዎቹ ደረሱባት። ፍራሽ የሚሸጡት፣ ጥርስ የሚያነጡት፣ ኢንሹራንስ የሚያስገቡት ብቅጥልቆች በሙሉ አፈር ስሆን ማለት ጀመሩ። ሰው ምን ይበል? አገሩ ሁሉ ጨዋ ነው፣ ሦስተኛው ላይ እሺ እያለ ገዛ። አንዳንዱ ቤት ፍራሽ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ነበር። በመጨረሻ ሕግ ወጣ፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ አለቀ። ሕጉን ሳነበው አገሩን ሁሉ ድሬዳዋ አደረጉት ብዬ ነበር የተደሰትኩት።

ቀላሉ መንገድ እማዬን አዎ ማለት ማስተማር ነው ብዬ አሰብኩ። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እኔ አሙቂው ነኝ እንበል። ደህና አደሩ እማማ ሄራን፣ ቤቱን ላሙቅልዎ?»

«ኧረ ግዴለም።»

«እማዬ! አዎ በዪ።»

«እሺ፣ እሺ። በይ ጠይቂኝ።»

«ቤቱን ላሙቅልዎ?»

አፏን ከፈተች። አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ሲወጣ አየሁት። «አ...» አለች። «አ... ካላስቸገርኩህ... ኧረ ተወው በቃ፣ እኔው እሳት እለኩሳለሁ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እሷም ሳቀች፣ ሳሉ አቋረጣት። ውሃ ሰጠኋት።

«ባንዴ አዎ?» አለች ስታርፍ። «እንደ ራበው ሰው? ምን ይለኛል?»

«ምንም አይልሽም። እማዬ፣ ከዚህ በፊት አልነበረም፣ ከዚህ በኋላም አይኖርም። አሙቆ ይጠፋል። አይደክመውም፣ አይታዘብሽም።»

ይህን ስነግራት ነገሩን አባባስኩት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

«ለዚህች ደቂቃ ብቻ ነው የሚኖረው?»

«አዎ።»

«ምስኪን! ታዲያ አንዲት ደቂቃ ያለችውን ፍጥረት እኔን አሙቅ ብዬ ላዝዘው?»

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ደወልኩ፣ ለሥራ ባልደረባዬ ለሙክታር። ነገሩን ሁሉ ነገርኩትና በሞቴን ለዚህች አንዲት ቤት ብቻ እንመልስላት አልኩት።

«አቦ አስኩ፣ እብድ ነሽ?» አለኝ። «እምቢ ያለ ሰው እምቢ ብሏል።»

«እምቢ አላለችም እኮ።»

«ተወው አላለችም?»

«አለች፣ ግን ተወው ማለቷ አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?»

እንዴት ላስረዳው? ሙክታር ሳቢያን ሰፈር ተወልዶ እዚያው ያደገ የድሬ ልጅ ነው። ሰው ሳይፈልግ አዎ፣ ፈልጎ አይ የሚልበት አገር ባቡር ተሳፍሮ የሚደረስበት ቦታ መሆኑን ሊያምነኝ አልቻለም። ለማንኛውም በሞቴን መመለስ ወንጀል ነው፣ ለአንድም ቤት ቢሆን። ያንን እኔም አውቀዋለሁ። ዘጋሁት።

እማዬ ይህን ጊዜ ጓዳ ገብታ ለኔ ብላ ዛሬም ያዘዘችውን ቅንጬ በሳህን ሞልታ ወጣች። «ለናታን አድርሺለት» አለችኝ። አባባ ናታን የአጥር ጎረቤቷ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል፣ እሳቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፣ መኪና ራሱን መንዳት እስኪጀምር ድረስ። በደጅ ስገባ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል።

«እማማ ሄራን ቅንጬ ልካለች» አልኳቸው።

«ኧረ ተዪ ልጄ፣ አሁን በልቼ ነው።»

«እሺ» ብዬ ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «እ... ሳህኑን አስቀምጪው በቃ፣ መንገድ እንዳይከብድሽ» አሉ። መንገዱ አሥር እርምጃ አይሞላም። አስቀመጥኩላቸው፤ በሦስት ጉርሻ ጨረሱት። እየበሉ ሳለ ከቤታቸው ውስጥ ድምፅ መጣ፦ «አባባ ናታን፣ ቤቱ ቀዝቅዟል። ላሙቅልዎ?»

«አትቸገር ልጄ» አሉ፣ ጣታቸውን እየላሱ።

«እሺ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

እሳቸውም ደጁን ትንሽ አዩት። ያንኑ አስተያየት።

ስመለስ ለእማዬ ነገርኳት። ናታንም ብርድ ላይ ነው፣ እሱም አትቸገር እያለ ነው አልኳት። እማዬ በአንድ ጊዜ ተነሣች።

«ናታን? በዚያ በታመመ ጉልበቱ? ታዲያ አያሞቁለትም? ምን ይጠይቁታል፣ ማሞቅ ነው እንጂ!» ወደ ግድግዳው ዞረች። «ለናታን አሙቁለት!»

ግድግዳው መልስ አልሰጣትም። የሰው ቤት ነው፣ አይመለከታትም። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያ ቀን ለኔ ስትጮህ ትዝ አለኝ፣ ምንም ሳትሽኮረመም፣ ምንም ሳታንገራግር። ይህቺ ሴት ለራሷ አንድ አዎ ማውጣት ያቅታታል፤ ለሌላ ሰው ግን እንደ ሻለቃ ታዝዛለች።

ስምንተኛው ጠሪ ውስጥ መላሽ የሚባል አንድ ቦታ አለ። ብቅጥልቅ ሲጠራ ለማን እንደሚሠራ ይነገረዋል፤ መላሽ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ማንን እንደሚጠይቅ ይነገረዋል። የተሠራው ጨቅላ ላላቸው ቤቶች ነው፤ ሕፃኑ ይታጠብ ወይ ተብሎ ሕፃኑ አይጠየቅም፣ እናቱ ናት የምትጠየቀው። ለሌላ ሰውም አልተከለከለም፣ ማንም አስቦት ስለማያውቅ። ጥብቅ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መላሹ በአካል ቅርብ መሆን አለበት፣ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ አጥር፣ የሚመልስለትን ሰው ዓይቶ እንዲመልስ። ከሩቅ ሆኖ ለሰው መመለስ አይቻልም።

«እማዬ» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ናታን ቤት የሚጠየቀው ጥያቄ ላንቺ ቢመጣ ትመልሺለታለሽ?»

«እንዴ! ምን ጥያቄ አለው?»

«ግን እሱም ጥያቄሽን ካልወሰደ አይሆንም። ልውውጥ ነው።»

ትንሽ አሰበች። «ለኔ ሲባል ከሆነ ይቅር» ልትል እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ ቀደምኳት። «ላንቺ አይደለም። እሱ እንዲሞቀው ነው።»

«ለሱ ከሆነማ ይውሰደው» አለች።

አባባ ናታንም ጋ ሄጄ በዚያው መንገድ ጠየቅኳቸው፣ በዚያው መንገድ እሺ አሉ። «እሷ ምስኪን ናት፣ ሳሏ በአጥር ይሰማኛል» አሉኝ። የሁለቱ ቤቶች ጠሪ ውስጥ ገብቼ ሁለት ስም አቀያየርኩ። በሙያዬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ትንሹ ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ስለ እማዬ ምንም አልጠየቀም። ከአጥር ወዲያ ግን የአባባ ናታን የሾፌር ድምፅ ተሰማ፦ «ምን ትጠይቁኛላችሁ! አሙቁላት እንጂ! ቅንጬም ሥሩላት፣ ቅቤ ጨምሩበት!» ከዚያ ግድግዳው ሞቀ። እማዬ ጋቢዋን አንዱን አወለቀች፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ፊቷ ፈታ አለ። «ደግሞ ቅቤ!» አለች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እየሳቀች። ቀጥሎ የናታን ጥያቄ ለእሷ መጣ፤ አሙቁለት፣ ጉልበቱን እሹለት፣ ሻይም ስጡት፣ ዝንጅብል አድርጋችሁ አለች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አጥሩ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው፤ እሷ ቅቤው በዛ ትላለች፣ እሳቸው ዝንጅብሉ አቃጠለኝ ይላሉ። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል።

ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። ሳሏ ለቀቃት። የሐኪሙ ብቅጥልቅ ሊያዳምጣት ሲፈልግ የሚጠይቀው አባባ ናታንን ነው፤ እሳቸውም «ኧረ ጀርባዋንም እይ» ብለው ያዝዙታል። ሳንባዋ ጠርቷል አለ። ብቻዋን ባትሆን ይመረጣል የተባለውን ግን አልሻረውም፣ ከፈለኝም አልረሳውም።

እሁድ ጠዋት ደወለ። ሻንጣዋ በር ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። እማዬ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከልጇ ምስል ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ፊቱ ጸሐይ የመታው፣ ከኋላው ሞያሌ፣ ሀዲድ።

«እማዬ፣ ተዘጋጀሽ? ዛሬ ወደ ቤትሽ ነው።»

«ኧረ እኔን ተዉኝ ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

ከፈለኝ ሳቀ። የጠባሴ ልጅ ነው፣ ይህን ጨዋታ ከጡት ጋር ጠብቶታል። «ክፍልሽ ተዘጋጅቷል እኮ። መስኮቱ በኩል ማንጎ ይታይሻል።»

«አላስቸግራችሁም። እናንተ የራሳችሁ ኑሮ አላችሁ።»

«እንዴ! በሞቴ እማዬ! አፈር ስሆንልሽ! አስካለም ደስ ይላታል፣ እኔም እንቅልፍ አገኛለሁ።»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ አጠፈችው፣ ፈታችው። «እሺ» አለች። «ካላችሁ ምን እላለሁ።»

ከፈለኝ እጁን አጨበጨበ። እኔ ግን ፊቷን ነበር የማየው። በሳምንቱ ውስጥ ግድግዳው ሲሞቅላት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። አሁን ያ የለም። ሕጉ ለምን እንደወጣ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ፣ ከፍራሹም ከኢንሹራንሱም በላይ። ጨዋ ሰው ሦስት ጊዜ ከተለመነ ሦስተኛው ላይ እሺ ይላል፣ ቢፈልግም ባይፈልግም። የምትወደው ልጅዋ ሲሆን ደግሞ እሺ ከማለት በቀር መንገድ የላትም። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ምን እንደምል ግን አላውቅም ነበር፤ እኔም እኮ እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ።

ግድግዳው ቀደመኝ።

«እማማ ሄራን፣ የአባባ ናታን ቤት ቀዝቅዟል። ላሙቅላቸው?»

«አሙቁለት እንጂ!» አለች እማዬ፣ ዞር እንኳ ሳትል። «ቁርሱንም ሥሩለት፣ ትናንት ምሳ አልበላም።»

ከዚያ ዞረች። ግድግዳውን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን።

«አስኩ፣ እኔ ስሄድ ይሄ ጥያቄ ለማን ይመጣል?»

«ለራሱ ነው የሚመለሰው እማዬ።»

«ከድሬ ሆኜ አልመልስለትም?»

«አይቻልም። በአጥሩ አጠገብ ያለ ሰው መሆን አለበት።»

«ለራሱ ከመጣማ አትቸገር ነው የሚለው።»

«አዎ። ያንን ነው የሚለው።»

እማዬ ወደ ልጇ ዞረች። ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ከፈለኝ።»

«አቤት እማዬ።»

«አልመጣም።»

ከፈለኝ ሳቀ፣ የለመደው መስሎት። «እንዴ እማዬ፣ በሞ...»

«አልመጣም አልኩህ» አለችው።

ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም፣ ከፈለኝም ሰምቶት አያውቅም። ኧረ የለበትም፣ ግዴለም የለበትም፣ አላስቸግርም የለበትም። ከዚራ ገበያ ውስጥ የምሰማው ዓይነት አልመጣም ነው። ከፈለኝ ወደ እኔ አየ።

«አስካለ፣ ምን ሆና ነው? ይሄ የእውነት ነው ወይስ...?»

«የእውነት ነው። እምቢ ብላሃለች፣ ደግመህ አትጠይቃት» አልኩትና ዘጋሁት። ማንጎው የሚታይበትን ክፍል እኔው ነኝ ቀለም የቀባሁት።

ሻንጣውን ከበሩ አንስቼ ወደ ጓዳ መለስኩት። ስወጣ እማዬ አሁንም እዚያው ተቀምጣለች፣ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ። በሠራችው ነገር ደንግጣለች።

«ተቀየመኝ ይሆን?» አለች። «ባንዴ እንደዚያ ይባላል? በልጅ ፊት? ሂጂ ደውዪለት።»

«ምን ልበለው? እመጣለሁ ብላለች ልበለው?»

«እሱንማ እንዳትዪው!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

አሰበች። ከአጥር ወዲያ ለአባባ ናታን የማሽላ ዳቦ ተሠራላቸው መሰለኝ፣ ሽታው መጣ።

«አትመጣም በዪው» አለችኝ። «ግን አለስልሰሽ በዪው።»

ማለስለስ እንደማላውቅበት ታውቃለች። ስለዚህ አጠገቤ ተቀመጠችና እኔ ስደውል እሷ ቃሉን አንድ በአንድ በጆሮዬ አቀበለችኝ።